ዘሩ በእጃችን የሚቀር ሶፍትዌር ይሻለናል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ወረታ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው በደብረ ታቦር በኩል አድርጎ ወደ ወልዲያ ይዘልቃል። በዚህ መገንጠያ ላይ የተቀመጠችው ከተማ የፎገራ ሜዳ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ከብት የሚገናኝባት ገበያ ናት። እንዲህ ባለ ገበያ የሩዝ መፈልፈያውም፣ የጅምላ መጋዘኑም፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብሩም ዛሬ ያለ ኮምፒዩተር መዋል እያቃተው ነው። ቀን ቀን የገቢና የወጪ ሒሳብ ይሠራበታል፤ ማታ ማታ ደግሞ የባለቤቱ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። አንድ ዕቃ ሁለት አገልግሎት መስጠቱ በምጣኔ ሀብት ዓይን ነውር የለበትም። ነውሩ ባለቤቱ ማሽኑ በምን ላይ እንደቆመ አለመጠየቁ ነው።

ማሽኑ የቆመበት መሠረት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። የሒሳቡም፣ የጨዋታውም፣ የኢንተርኔቱም ፕሮግራም የሚሠራው በእርሱ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ዊንዶውስን ነው። ማይክሮሶፍት ኩባንያ ደግሞ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በምዝገባ ወይም በክፍያ የተፈቀደው የአንድ ዓመት ጭማሪም ቢሆን ማብቂያው የጥቅምት 2019 መጀመሪያ ነው። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ማንኛውንም ማሽን አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ኢንቴል ፕሮሰሰር ላላቸው ማሽኖች ኩባንያው በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ጀምሮ ያለውን ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ በሚገዛበት አገር ይህ መስፈርት ስንቱን ደኅና ማሽን ከመስመር እንደሚያስወጣ ነጋዴው ራሱ መገመት ይችላል።

እንግዲህ ለባለመደብሩ ሦስት መንገዶች ቀርተውለታል። ጥገና በተቋረጠበት ሲስተም እንዳለ መቀጠል፤ አዲስ ማሽንና አዲስ ፈቃድ መግዛት፤ ወይም ኮዱ ክፍት ወደሆነ፣ ፈቃዱ ወደማይሸጥ ሲስተም መሻገር። በበኩሌ ሦስተኛው ይሻላል እላለሁ። ምክንያቴ ግን ነፃ በመሆኑ ብቻ አይደለም።

የፈቃዱ ዋጋ በብር ሲሰላ

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። የዊንዶውስ 11 ፕሮ ሕጋዊ ፈቃድ በአምራቹ የተቆረጠለት ዋጋ 199 የአሜሪካ ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ፈቃዱ ያን ጊዜ ወደ 11 ሺህ 300 ብር ይጠጋ ነበር ማለት ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላ ዶላር 130 ብርን አለፈ፤ ያው ፈቃድ ከ25 ሺህ 800 ብር በላይ ሆነ። በሶፍትዌሩ ላይ አንዲት መስመር አልተጨመረችም። የጨመረው የእኛ ወጪ ነው። ሩዙን በብር ሸጦ ፈቃዱን በዶላር የሚገዛ ነጋዴ፣ አስመጪ ሳይሆን የአስመጪ ሥጋት ተሸካሚ ሆኗል።

"ማን ፈቃድ ይገዛል? በፍላሽ ተቀድቶ ይመጣ የለም ወይ?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በአገራችን የተሰበረ ዊንዶውስ በመቶ ብሮች ይጫናል። ይህ ግን "በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" የሚያሰኝ ነው። አንደኛ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ፈቃዱን የሰበረው ፕሮግራም ሌላ ምን ይዞ እንደመጣ የሚመረምር የለም። ሦስተኛ፣ የተሰበረ ሲስተም ብዙ ጊዜ ጥገናው ተዘግቶበት ነው የሚጫነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ማሽኖችን ቆልፎ ቤዛ ሲጠይቅ፣ የሚያስቆመው ጥገና ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የተጎዱት ጥገናው ያልደረሳቸው ናቸው። የሦስት ዓመት የደንበኛ ዕዳ መዝገብ በአንድ ሌሊት የተቆለፈበት ነጋዴ፣ በፈቃድ ያተረፋትን ገንዘብ ከጠፋው ዕዳ ጋር ያወዳድራት።

ዘርና ፈቃድ

ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ፎገራ ከማንኛውም አገር የተሻለ ምሳሌ አለው። የሜዳው ገበሬ በደርግ ዘመን የገባውን ኤክስ ጅግና የተባለ ሩዝ ለዐሥርት ዓመታት ሲዘራው የኖረው ለእንጀራውም ለገበያውም ስለተስማማው ብቻ አይደለም፤ ዘሩ በእጁ ስለሚቀርም ነው። ሩዝ በራሱ አበባ የሚዳቀል ሰብል በመሆኑ ከጎተራ የቀረው ለከርሞ ዘር ይሆናል፤ ለጎረቤትም ይሰጣል። ድቅል በቆሎ ግን እንዲህ አይደለም። ምርቱ ከፍ ይላል፤ ከጎተራ አውጥቶ ቢዘሩት ግን ያንኑ ምርት አይሰጥም። ስለዚህ ዘሩ በየዓመቱ ከሻጭ ይገዛል።

ዊንዶውስ እንደ ድቅሉ ዘር ነው። ሊኑክስ የሚባለው ቤተሰብ ደግሞ እንደ ሩዙ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው ይህ ሲስተም፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ ማንም እንዲገለብጠው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያድለው በሚፈቅድ ውል የተለቀቀ ነው። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ የወረደ ቅጂ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ደብረ ታቦር ድረስ በፍላሽ ቢባዛ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ውሉ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው።

ዘር በእጅ መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም የአማራ ክልል ነጋዴ በቅርቡ አይቷል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ዊንዶውስ 11 ሆም በመደበኛው መንገድ ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ሊኑክስ ሚንት ግን 3 ጊጋባይት ገደማ ከሆነ ፋይሉ፣ በፍላሽ ብቻ፣ ያለ አንዲት ሜጋባይት ዳታ፣ ከነቢሮ ፕሮግራሙ ይጫናል። ዴቢያንም ብዙ ፕሮግራም የያዙ የዲቪዲ ቅጂዎች አሉት። መስመር በጠፋበት ወር ማሽኑ የተበላሸበት ሰው የቱን ይመርጥ ነበር?

መረጋጋት ማለት አለመለወጥ ነው

"ሊኑክስ" አንድ ዕቃ አይደለም። በብዙ ስም፣ በብዙ መልክ የሚቀርብ ነው። ጀማሪው ግራ የሚጋባውም እዚህ ላይ ነው። እኔ ለነጋዴ የማቀርበው መለያ አንድ ነው፤ በየስንት ጊዜው ይለወጣል?

ወረታ ያለው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በሙከራ ማሳው አዳዲስ ዝርያ ይፈትሻል። አንዱ ቢከስም ምርምር ነው፤ ትምህርት ተገኝቶበታል። ገበሬው ግን በአንዲት ማሳው ላይ ያልተፈተነ ዝርያ ዘርቶ ቢከስምበት ዓመቱ አለቀ። ከሊኑክስ ዓይነቶችም አርች የተባለው በየቀኑ አዲስ ነገር የሚገባበት የሙከራ ማሳ ነው። ፌዶራ በስድስት ወር አንዴ እትሙን ይቀይራል። ዴቢያን ግን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ ሆኖ፣ የተረጋጋ የሚባለውን እትሙን የሚያወጣው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ከወጣ በኋላ የደኅንነት ጥገና እንጂ አዲስ ጠባይ አይጨመርበትም። 13ኛው እትም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የወጣ ሲሆን፣ የተራዘመው ጥገና ሲደመር አምስት ዓመት ይሸፈንለታል። ኡቡንቱ ረጅም ድጋፍ የሚሰጥበትን እትም በሁለት ዓመት አንዴ ያወጣል፤ መደበኛ ጥገናውም አምስት ዓመት ነው። ሊኑክስ ሚንት 22 በኡቡንቱ 24.04 ላይ የተሠራ ሆኖ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ጥገና አለው።

በዚህ ሙያ "የተረጋጋ" ማለት ፈጽሞ አይሰናከልም ማለት አይደለም። ዛሬ ማታ ዘግተህ የሄድከው ነገ ጠዋት ያንኑ ሆኖ ይጠብቅሃል ማለት ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ በጎ ጠባይ የለም። በዊንዶውስ የለመደ እጅ ሳይደናገር የሚሠራበት ሚንት ነው፤ ዝርዝሩ ከታች በግራ፣ ሰዓቱ በቀኝ ነው። ስለዚህ ለመደብሩ ማሽን ምርጫዬ ሚንት ነው። ቴክኒሻን በቅርብ ላለው ደግሞ ዴቢያን።

ትልልቆቹስ ምን አደረጉ?

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ሲጀምር፣ አክሲዮን አገበያይ ለመሆን የሚያስብ ሁሉ ስለ ኮምፒዩተር መጠየቁ አልቀረም። የለንደንን ታሪክ ላስታውስ። የለንደን አክሲዮን ገበያ በማይክሮሶፍት ቴክኖሎጂ በተሠራ የግብይት ሥርዓት ሲገለገል፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 2008 ለአብዛኛው የሥራ ሰዓት ግብይት ተቋርጦበት ዋለ። በሚቀጥለው ዓመት ሚሌኒየም አይቲ የተባለውን የስሪላንካ ኩባንያ ገዛ፤ በየካቲት 2011 ዋናውን ገበያ በሊኑክስ ላይ ወደሚሠራው ሥርዓት አዛወረ። በዚያው ወር አዲሱም ሥርዓት ለሰዓታት መሰናከሉን ግን መደበቅ አይገባም። ሽግግር ዋጋ አለው። ነገር ግን ገበያው ወደ ድሮው አልተመለሰም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በቴሌብር ገንዘብ የሚልክ የወረታ ነጋዴ ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ ከመካከሉ ያለው ሊኑክስ ነው። ሳያውቀው ገንዘቡን በሊኑክስ ላይ አሳድሯል። የሚፈራው መደብሩ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው።

ጨዋታውስ?

አሁን ወደ ማታው አገልግሎት እንምጣ። ወጣቱ "ሊኑክስ ላይ ጌም የለም" የሚለው ንግግር የድሮ ነው። ቫልቭ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ፕሮቶን የተባለ መሸጋገሪያ ከስቲም መደብሩ ጋር አቀረበ። ይህ መሸጋገሪያ ለዊንዶውስ የተሠራ ጨዋታ ሊኑክስ ላይ እንዲነሳ ያደርጋል። ኩባንያው በ2022 ለሽያጭ ያቀረበው ስቲም ዴክ የተባለው በእጅ የሚያዝ ማጫወቻም የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 እና ዶታ 2 ደግሞ ያለ መሸጋገሪያ ይሠራሉ። ኤኤምዲ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ሾፌሩ ከሲስተሙ ጋር ተካትቶ ይመጣለታል። ኤንቪዲያ ላለው ሚንት ሾፌሩን መርጦ የሚጭንበት መስኮት አዘጋጅቷል፤ ለዚህ ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል።

የማይሠራውንም እንናገር። ኩረጃን ለመከላከል የራሳቸውን ጠባቂ ፕሮግራም ከሥር የሚተክሉ ጨዋታዎች አሉ። ፎርትናይት፣ ቫሎራንት፣ ከፊፋ 23 ወዲህ ያሉት የኢኤ ኩባንያ የእግር ኳስ ጨዋታዎችም ሊኑክስ ላይ አይነሱም። ለእኛ አገር ወጣት የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ኳስ ካልተጫወተ ጨዋታ አይለውምና። ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። ኳሱን በፕሌይስቴሽን መጫወት፣ ወይም ለጨዋታ ሌላ ማሽን መለየት። መፍትሔ የማይሆነው፣ ለአንድ ጨዋታ ሲባል የመደብሩን መዝገብ በተሰበረ ዊንዶውስ ላይ ማሳደር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው።

አንድ ማሽን ብቻ ያለው ሰው ሁለት ተጠቃሚ ይክፈትበት። አንዱ ለሒሳብ፣ አንዱ ለጨዋታ። የሒሳቡ ክፍል ለሌላው እንዳይከፈት ይደረግ፤ የጨዋታው ተጠቃሚ ደግሞ ሲስተሙን የመለወጥ ሥልጣን አይሰጠው። አዳዲስ ጨዋታ በፍጥነት እንዲነሳለት አርች ይጫንልኝ የሚል ልጅ ካለም መልሱ አጭር ነው፤ የአባትህ መጋዘን የሙከራ ማሳ አይደለም። ምርጫው ሒሳቡን ይከተል፤ ጨዋታው ይደርስበታል።

እንቅፋቶቹ

ሽግግሩን አልጋ በአልጋ አድርጎ ማቅረብ ነጋዴን ማታለል ነው። ትልቁ እንቅፋት ፒችትሪ ይባላል። የአገራችን ሒሳብ ሠራተኛ በኮሌጅ የተማረው፣ ኦዲተሩም የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ እርሱን ነው፤ የተሠራው ደግሞ ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ፒችትሪን በሊኑክስ ላይ በመሸጋገሪያ ለማሠራት መሞከር አልመክርም። ሒሳቡ በእርሱ የሚሠራ ድርጅት አንድ ሕጋዊ ዊንዶውስ ያለው፣ ጨዋታና የማንም ፍላሽ የማይገባበት ማሽን ለይቶ ያስቀር፤ የቀሩትን ያሻግር። ፒችትሪ የማያስፈልገው መለስተኛ ነጋዴ ግን ጂኤንዩካሽ የተባለው በሁለትዮሽ መዝገብ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም፣ ወይም በሊብሬኦፊስ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ይበቃዋል።

ሁለተኛው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያና ፕሪንተር ነው። ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ መሣሪያ ያለው ሰው ሾፌሩ ለሊኑክስ መኖሩን አቅራቢውን ሳይጠይቅ አይነሳ። በኢንተርኔት ማሰሻ የሚሠራ የግብርም ሆነ የባንክ ገጽ ግን በፋየርፎክስ ይከፈታል።

ሦስተኛው የአማርኛ ጽሕፈት ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ በሊኑክስ ላይ መጻፍና ማንበብ ችግር መሆኑ ቀርቷል። ችግሩ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈው የቆየ ውልና ደብዳቤ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ከመሻገር በፊት እነዚህ በፒዲኤፍ ይቀመጡ።

ምን ይደረግ?

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። መጀመሪያ የመደብሩን ፋይል በሙሉ በሁለት ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ፤ አንዱ ከመደብሩ ውጪ ይደር። ከዚያ ሚንትን በፍላሽ ላይ ሆኖ፣ ሳይጫን፣ ለአንድ ሳምንት መሞከር፤ ሲስተሙ ይህንን ይፈቅዳል። ፕሪንተሩ አተመ ወይ? ዋይፋዩ ያዘ ወይ? የሒሳብ ሠንጠረዡ ሳይዛባ ተከፈተ ወይ? መልሱ አዎን ከሆነ በሽያጭ በቀዘቀዘ ወቅት መጫን ነው። ሩዝ በሚገባበት ወቅት፣ መጋዘን በሚሞላበት ሰሞን ሲስተም የሚቀይር ነጋዴ የለም፤ ካለም የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእርሱ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የገንዘቡ መንገድ ነው። አንድ ነጋዴ ለፈቃድ የሚያወጣው 25 ሺህ ብር ወደ ዶላር ተለውጦ ከአገር ይወጣል። ዐሥር ነጋዴዎች ከዚያ ግማሹን እንኳ ቢያዋጡ 125 ሺህ ብር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ በኮምፒዩተር ጥገና የሠለጠነ የወረታ ልጅ ሲስተሙን እንዲጭንላቸው፣ ጥገናውን በየወሩ በፍላሽ እንዲያደርስላቸው፣ መዝገባቸውን እንዲገለብጥላቸው በኮንትራት መያዝ ይችላሉ። ሶፍትዌሩ ነፃ ቢሆንም ሥራው ነፃ አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ልዩነቱ ክፍያው እዚያው ከተማ ውስጥ የሚዞር መሆኑ ነው።

የፎገራ ነጋዴ ዘር ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። በሰው ፈቃድ ብቻ የሚበቅል ዘር ላይ ጎተራውን እንደማይጥል ሁሉ፣ በሰው ፈቃድ ብቻ የሚከፈት ማሽን ላይ መዝገቡን አይጣል። ለማሰቢያ የተሰጠው ጊዜ ደግሞ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ጥገና ያደረው ማሽን የሚያድረው በባለቤቱ ኪሳራ ነው።